ጃርቱ እኛ ጋ ብቻ ያወራል

ጥቅምት 4

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጉንፋኑስ ለቀቀዎት? ባለፈው ደብዳቤዎ «ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔ ግን አላለፍኩትም። ስልክ ደግሞ አያነሱም። ዘጠኝ ጊዜ ደውያለሁ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ መልስ አይሰጡም» የምትለው ሴትዮ ትመጣለች። ከእርስዎ ይልቅ ከእሷ ጋር ተላምደናል።

«ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ተዘግተሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ላሉኝ፣ የድሮ ፊልም ነው የማጸዳው። ነጭ የጨርቅ ጓንት አጠልቃለሁ፣ ጥቅሉን ከሥሩ መብራት ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖራለሁ፣ ከዚያ በእጄ እየዘወርኩ ምስሉን አንድ በአንድ አያለሁ። የተቀደደውን እለጥፋለሁ፣ ሻጋታውን በጥጥ እጠርጋለሁ። ያረጀ ፊልም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ማታ ቤት ስገባ ፀጉሬ ራሱ ሰላጣ መስሎ ነው የሚሸተው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ጠረጴዛዬ ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የእኛ ካርቱን! ሻለቃ ዶሮ፣ እሜት ቀበሮ፣ ጃርቱ፣ ሃያ ስድስቱም ክፍል። ለካ የተሠራው እዚሁ ባዕድ አገር፣ እኔ የምሠራበት ስቱዲዮ ነው። ደስታዬን የማጋራው ሰው አጥቼ ማሽኑን «የጃርቱ ድምፅ አጎቴ እኮ ነው!» አልኩት።

ከዚያ ድምፁን ከፈትኩ። ጋሼ፣ ጃርቱ አይናገርም። ዶሮው ይለፈልፋል፣ ቀበሮዋ ትሸነግላለች፣ ጃርቱ ከኋላ ከኋላ ይሄዳል። ሲጠይቁት በእግሩ ግንድ ይመታል። አንዴ ከመታ «አይ» ነው፣ ሁለቴ ከመታ «አዎ»። በቃ፣ ሌላ የለም። ጥቅሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሁለተኛ ቅጂ አወጣሁ፤ ያው ነው። አለቃዬን ብጠይቃት «እሱማ ዲዳ ነው፣ እዚህ ማንም አያስታውሰውም» አለችኝ። ማንም አያስታውሰውም! እስቲ እኛ ሰፈር መጥታ እንደዚህ ትበል!

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ካርቱኑ ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ስቱዲዮው አጽድቶ በየአገሩ ቋንቋ እንደገና ሊያወጣው ነው። በእኛ ቋንቋ ለሌሎቹ ሁሉ አዳዲስ ተዋንያን ተመድበዋል። ለጃርቱ ማንም አልተመደበም፣ ዲዳ ነዋ። ለምኜ ለምኜ አለቃዬ እስከ ጥር መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። የእርስዎን የድሮውን ድምፅ ካገኘሁላት፣ ወይ እርስዎ እንደገና ከተቀረጹ ታስገባዋለች። ካልሆነ ጃርቱ እኛም አገር ዝም ሊል ነው። አጎት ሆነው ያሳደጉኝ በዚያ ድምፅ ነው፤ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አላይም።

ቴፖቹ የት ናቸው? በምን ምክንያት ዲዳ እንስሳ እንዳናገሩም ይንገሩኝ። ስልክ ያንሱ!

ድንቢጥዎ

ጥቅምት 27

ለድንቢጤ፣

ስለ ጤናዬ ከጠየቅሽ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነጫነጫለሁ። ከዚህ በላይ ጤና ከየት ይመጣል። ስልኩን ተዪው፣ ከድሮም አንዋደድም። ደብዳቤ ይሻላል፤ ሰው ሳያቋርጠኝ እጨርሳለሁ።

«ዲዳ ነው» የምትለዋን መስመር ሳነብ ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ጃርት አፍ ውስጥ ገብቼ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ ማለት ነው! ጉድ እኮ ነው! ባለቤቶቹ እንዳይከሱኝ አደራ።

እንዴት ሆነ ላልሽው፣ እኔ ያኔ ተዋናይ አልነበርኩም። የቴሌቪዥን ጣቢያው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አምፖልና ገመድ በፊርማ የማወጣ ሰው ነኝ። ካርቱኑ ሲመጣ የዶሮው ወረቀት ተተርጉሟል፣ የቀበሮዋም ተተርጉሟል፣ የጃርቱ ወረቀት የለም። ፊልሙን ሲያዩት ግን የጃርቱ አፍ ይንቀሳቀሳል። አፉ እየተንቀሳቀሰ የሚሰማው ኳ፣ ኳ ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ «ድምፁ መንገድ ላይ ተበላሽቷል፣ ወረቀቱም ጠፍቷል» ብሎ ፈረደ። ቅዳሜ ሊተላለፍ ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሁሉም ተደናግጦ ይሯሯጣል።

እኔ አምፖል ይዤ ገባሁ። ዳይሬክተሩ «ቶሎ በል እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ያ እንስሳ አንገቱን ሰብሮ ሲያዘግም አየሁትና እሱን መስዬ «አልቸኩልም፣ እሾሄ ይረግፋል» አልኩ። ቴክኒሻኑ ወንበር ሳበና «ቁጭ በል» አለኝ። ይኸው ነው። ቁልፌን እንኳ ከወገቤ አልፈታሁም፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ልብ ብለሽ ብትሰሚ የቁልፍ ኳኳታ አለበት።

አፉ ለምን እንደሚንቀሳቀስ አሁን ገባኝ። እስቲ ያን ፊልምሽን ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ሥር እያኘከ ነው አይደል? ያኔ ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ነበር፣ ሥሩ ከጥርሱ አይለይም። እኛ ንግግር አደረግንለት።

ቴፖቹን እርሺያቸው። ጣቢያው ቴፕ ሲያጥረው በላያቸው የኳስ ጨዋታ ቀድቶባቸዋል። ጃርቴ በኳስ ሥር ነው ያለው። እንደገና መቀረጹን በተመለከተ፣ አልፈልግም። ድምፄን እያሳረፍኩት ነው። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠይቂኝ። ለምሳሌ ሌላ አገር ማንን ነው የሚወዱት? ይሄ ካወቅሁ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጋሼሽ

ኅዳር 19

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። እውነትዎን ነው፣ ያኝካል! ያንን አፍ ስንት ጊዜ በጥጥ ጠርጌው ሥሩን አላየሁትም። የቁልፍዎን ኳኳታ ደግሞ አስታወስኩት። ልጅ ሆነን ጃርቱ እሾሁን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማ ድምፅ ነበር የሚመስለን።

ማንን እንደሚወዱ ልንገርዎት። አለቃዬ ከየአገሩ ያስመጣችው መጠይቅ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል። እዚህ የሚወደደው ሻለቃ ዶሮ ነው። ልጆቹ ካርቱኑን የሚያዩት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ነበር፤ ዶሮው ሲጮህ ጫማቸውን አስረው ይወጣሉ። እንደ እናት የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። ጃርቱን «የሚያሳዝነው» ነው የሚሉት።

አንድ ሌላ አገር ግን የሚወዱት እሜት ቀበሮን ነው። ሌባዋን! እንዴት ተደርጎ ብዬ ፋይሉን አገላብጬ አገላብጬ ደረስኩበት። ያኔ የነበሩት የፊልም መርማሪዎች ስርቆት ለሕፃን አይታይም ብለው የምትሰርቅበትን ሁሉ ቆርጠው ጥለዋል። የቀረው ምንድነው? ቀበሮዋ ዶሮዎቹ ቤት ሄዳ ታንኳኳለች፣ ከዚያ እየሳቀች ትመለሳለች። የዚያ አገር ልጆች ዘመድ መጠየቅ የምትወድ አክስት መስላቸው አደጉ። አሁን አያት የሆኑት ሁሉ ክፉ አይናገሩባትም።

ይሄን ለአለቃዬ ሳሳያት «እኛ ሰው የሚወደው እኛ የሳልነውን ይመስለን ነበር» አለችኝ። በእርስዎ ነገር ልቧ እየተከፈተ ነው። ያስቸገራት አንድ ነገር አለ። መጠይቁ ላይ ከእኛ አገር ዕድሜያቸው ከሠላሳ አምስት በላይ የሆኑት ሁሉ «ጃርቱ!» ብለው ጽፈዋል፤ አንዱ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ጽፎታል። ከሃያ በታች ያሉት ግን ጭራሽ አያውቁትም። «ታዲያ ለማን ብለን ነው ድምፅ የምንጨምርለት?» አለችኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘውልኝ ትምህርት ቤት መጡ። ልጆቹ «ጋሽ ጃርት! ጋሽ ጃርት! አንዴ ተናገርልን!» እያሉ ከበቡዎት። እኔ አፈርኩና «ዘመዴ አይደለም፣ የጎረቤት ሰው ነው» አልኳቸው። ሰምተውኛል። እንደሰሙኝ አውቃለሁ። ጃንጥላውን በሁለት እጅዎ ሰጡኝና በጃርቱ ድምፅ «እንኩ እመቤቴ፣ ጎረቤትዎ ነኝ» ብለው በዝናቡ ሄዱ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔ ደግሞ ከውርደት ዳንኩ። ሰውን በቀልድ ከራሱ ኃጢአት ማውጣት የሚችል ሌላ ሰው እስካሁን አላየሁም። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።

እባክዎ፣ አንዲት መስመር ብቻ በስልክዎ ቀድተው ይላኩልኝ። ድምፅዎ አርጅቶ ቢሆን እንኳ ጃርትም ያረጃል።

ድንቢጥ

ታኅሣሥ 8

ድንቢጤ፣

ጃንጥላው ትዝ ይለኛል፣ እጀታው የተሰበረው ነው። ያኔ ይቅር ያልኩሽን አሁን እንደገና ይቅር ልልሽ አልችልም፣ ስለዚህ እርሺው። ደግሞ «ጎረቤት» ማለትሽ ደግነት ነበር፤ እኔ በአንቺ ዕድሜ አባቴን ደላላ ነው ብዬ አውቃለሁ።

የአለቃሽን ጥያቄ ይዤ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄድኩ። ምርምር ሲባል እኔ የማውቀው ቦታ እሱ ነው። ወንበሩ ላይ አንድ የባንክ ሠራተኛ ተቀምጧል፣ አርባ የሚሆነው። አስተካካዩ «ጎንበስ በል፣ ቶሎ ልጨርስልህ» ሲለው ሰውዬው ምን አለ? «አልቸኩልም፣ እሾሄ ይረግፋል»። እኔ መሆኔን አያውቅም፣ ጋዜጣ ይዤ ጥግ ላይ ነኝ። ደስታዬን በጋዜጣው ሸፈንኩት።

የአስተካካዩ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚያው ሌላ ወንበር ላይ ተጣጥፋ ስልክ ታያለች፣ ጆሮዋ ውስጥ ገመድ አለ። «ጃርቱን ታውቂዋለሽ?» ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት። አላውቅም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፈልጋ ዶሮውን አገኘች፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ሲሮጥ። ጃርቱ ከኋላ ብቅ ሲል በጣቷ አሳለፈችው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበትና ይህን አልኩ። እናንተ ካርቱኑን የት ነበር ያያችሁት? ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ያላት እሷ ብቻ ነበረችና። ሠላሳ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ስፌት ማሽኑ እየጮኸ፣ የሚገፋፋው እየተገፋፋ። የዶሮው ወሬ ብዙ ነው፤ በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማዋል? የእኔ ግን ሦስት ቃል ናት። የሰማው ላልሰማው «ምን አለ? ምን አለ?» ሲባል ይደግምለታል። ቤት እስክትደርሱ ሠላሳ ጃርት ሆናችኋል። ይህቺ ልጅ ደግሞ ብቻዋን ናት። ብትስቅ እንኳ ዞራ የምትነግረው ሰው የለም። ጃርቴን አልጠላችውም፤ ማንም አልደገመላትም እንጂ። ይሄን ለአለቃሽ ንገሪያት። የሚሰማው ከተገኘ ያው ሦስት ቃል ነው፣ ይበቃል።

መቀረጹን ግን ተይኝ። አልችልም አላልኩም፣ አልፈልግም ነው ያልኩት። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። በየቀኑ ሾርባ ታመጣልኛለች፤ እምቢ ብላት አትሰማም።

ጋሼሽ

ታኅሣሥ 20

ጋሼ፣

ለምን ወረቀት ላይ ጻፉ?

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ፀጉር አስተካካዩ ቤት አንዲትም ቃል አልተናገሩም። የባንክ ሠራተኛው ፊት ለፊትዎ የእርስዎን ቃል ሲናገር ዝም አሉ። እርስዎ! ሰው ሲያስነጥስ እንኳ አስተያየት የሚሰጡት! ስልክ አያነሱም፣ አይቀረጹም፣ ሾርባ በየቀኑ ይመጣልዎታል።

ስለ ካርቱኑ አልጠይቅዎትም። አለቃዬም ትጠብቅ፣ ጥርም ይለፍ። ምን እንደሆኑ ብቻ ይንገሩኝ። ካልነገሩኝ አውሮፕላን ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ በእናቴ ይሁንብኝ።

ድንቢጥ

ጥር 3

ለልጄ፣

በእናትሽ ማልሽብኝ። እህቴ ነበረችና እሷ ከገባችበት በኋላ መዋሸት አልችልም።

ጉንፋን አልነበረም። ነሐሴ ውስጥ ድምፄ ሻከረ፣ መስከረም ላይ ሐኪሞቹ ጉሮሮዬ ውስጥ ዕጢ አገኙ። አውጥተውታል። ከነድምፄ ነው ያወጡት። አሁን አንገቴ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በእሷ እተነፍሳለሁ። በሽታው ወጥቷል፣ አልተሠራጨም ብለውኛል፣ በየወሩ ያዩኛል። አልሞትም፤ ወይም እንደማንም ሰው ቀኔን ጠብቄ ነው የምሞተው። መናገር ግን አልችልም፣ ድንቢጤ። ሹክሹክታ እንኳ የለም።

ለምን ደበቅሁሽ? እንድትመጪ አልፈለግሁም። ሥራሽን ጥለሽ እዚህ ቁጭ ብለሽ ዝም ያለ ሽማግሌ ስታዪ ታየኝ። ከዚያ ደግሞ ያ ደብዳቤሽ መጣ፣ ድምፅዎን ይላኩልኝ የሚለው። ሠላሳ አምስት ዓመት ማንም ፈልጎት የማያውቀውን ነገር፣ ባጣሁት በወሩ። አለቀስኩ፤ ለማን እደብቃለሁ። «አልፈልግም» ያልኩሽ «አልችልም» ከማለት ስለሚቀል ነው።

አሁን ግን ማንም ያልሰማውን ልንገርሽ። ኦፕሬሽን የገባሁ ዕለት አልጋው ላይ አስተኝተውኝ በፍርሃት የጣሪያውን አምፖል እቆጥራለሁ። የሚያደነዝዘው ሐኪም ወጣት አይደለም፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል። ነርሷ «ዶክተር፣ ፈጠን በል፣ ሌላ ታካሚ አለ» አለችው። እሱ እጄን ይዞ፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ እኔ አልቸኩልም፣ እሾሄ ይረግፋል» አለኝ። በእኔ ድምፅ! ያንን የአፍንጫ ነገር፣ መጨረሻ ላይ መውረዷን፣ ሁሉንም! ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ የፈራ ሰው ማባበያ አድርጎ ነው የያዘው። ልነግረው አፌን ስከፍት ጭምብሉን አደረገልኝ። የመጨረሻ የሰማሁት የእኔ ድምፅ በሰው አፍ ነበር። በኋላ ስነቃ ማን እንደሆንኩ ጽፌ ሰጠሁት። ያ ትልቅ ሰው ተንበርክኮ አልጋዬ ላይ ተደፋ። እኔው አባበልኩት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ።

ስለዚህ ድምፁ አልጠፋም ብዬ ወሰንኩ። ልብስ ሰፊዋን አማከርኩና ሱቋ በር ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ «ጃርቱ ያለውን የሚያስታውስ ገብቶ ይናገር።» አንቺ፣ ምን ልበልሽ! የባንኩ ሰውዬ መጣ። የትራፊክ ፖሊሷ ፊሽካዋን አንጠልጥላ መጣች፣ ሰባተኛውን ክፍል ከነሳሉ ታውቀዋለች። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት መስመር ተጣልተው ሊደባደቡ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን ትታ ትጽፋለች፣ እኔ ዳኛ ነኝ፤ ልክ ሲሆን ራሴን እነቀንቃለሁ። እኔ የረሳሁትን እነሱ ያውቁታል። ሐኪሙም የሚያስታውሰውን በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጽፎ ላከ፤ ማንም ሊያነበው አልቻለም።

ደብተሩ ከዚህ ጋር አለ። የሃያ አራቱ ክፍል ተሟልቷል። አምስተኛውና አሥራ ዘጠነኛው የጎደላቸው አለ፣ በሁለቱም ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበርና ማንም አላየውም።

የሚናገረው አንቺ ነሽ። ድምፄ ቀጭን ነው እንዳትዪኝ። ጃርት ወፍራም ይናገራል ያለሽ ማነው?

ጋሼሽ

የካቲት 2

ጋሼዬ፣

ደብዳቤዎን ፊልም ማጽጃው ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት። ጓንቴ ራሰ። ሁለት ቀን ተናድጄብዎት ነበር፤ አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። ብቻዎን ኦፕሬሽን ገብተው እኔ እዚህ ስለ ኮምጣጤ እጽፋለሁ! ዳግመኛ እንደዚህ ቢያደርጉ አልጽፍልዎትም። ዋሸሁ፣ እጽፍልዎታለሁ። ግን እናደዳለሁ።

«እሺ አልሽ ወይስ እምቢ?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ያንን ድምፅ እኔ ማስመሰል ስድብ መሰለኝ። ደብተሩን ለአለቃዬ አሳየኋት። ቋንቋውን ባታውቅም ስድስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ የስርዝ ድልዝ ብዛት፣ ጠርዙ ላይ የተጣበቀ የስፌት ክር አየች። «ይሄን ሁሉ የጻፈው ማነው?» አለችኝ። «ሰፈሩ» አልኳት። ወጣችና ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ይዛ መጣች።

ጃርቱን የሳሉት እሳቸው ናቸው፣ ጋሼ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጣቶቻቸው ተጣምመዋል፣ ሻይ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። ስለ እርስዎ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጥቁርና ነጩ፣ ስለ ሐኪሙ። እሳቸውም ነገሩኝ። የማይናገር ወንድም ነበራቸው። ጠረጴዛ ይመታል፣ አንዴ አይ፣ ሁለቴ አዎ። ጃርቱን የሳሉት እሱን አስበው ነው። እዚህ አገር «የሚያሳዝነው» ሲባል ሃምሳ ዓመት ሲያማቸው ኖሯል፤ ወንድማቸው ነገረኛ፣ ተጫዋች፣ ሰው ላይ የሚቀልድ ሰው ነበር እንጂ የሚያሳዝን አልነበረም። ይሄን ያወቀለት የለም።

«እስቲ በእናንተ አገር ምን እንደሚል አሰሚኝ» አሉኝ። ፈራሁ። ከዚያ ፊልሙን አዞርኩና ከሦስተኛው ክፍል ጀመርኩ፣ ዶሮው ሲቸኩል ጃርቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ «ሂድ ሂድ፣ ስትደክም እዚሁ ታገኘኛለህ» የሚለው። መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው «እሱ ነው። ቢናገር እንደዚህ ነበር የሚለው። አጎትሽ ወንድሜን ሳያውቁት አወቁት» አሉ። እኔ ሳልሆን እርስዎ ነዎት ያሳቋቸው፣ ጋሼ። በሰው አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ የማያውቁትን ሰው።

አለቃዬ ቀነ ገደቡን ሳትጠየቅ አራዘመችው። በየአገሩ ጃርቱ ዝም እንዳለ ይወጣል፣ እኛ ጋ ብቻ ያወራል። በአምስተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ክፍል መስመር ያጣንባቸው ቦታዎች ላይ ሴትዮዋ «የግንዱን ኳኳታ እንዳለ ተዉት» አሉ፣ እኛም ተውነው። መጨረሻ ላይ ስም ሲወጣ የእርስዎ ይቀድማል፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ፣ ፖሊሷ፣ ባንኩ፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም። የእኔ ከታች ነው።

የቀዳሁትን ልኬያለሁ። ልብስ ሰፊዋ ስልክ ላይ ይከፍቱልዎታል። እውነቱን ይንገሩኝ። ቁልፍ ወገቤ ላይ አስሬ ነው የተቀረጽኩት።

ድንቢጥዎ

የካቲት 21

ድንቢጤ፣

እውነቱን ላልሽው፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቸኩለሻል። ጃርት እየቸኮለ «አልቸኩልም» ይላል እንዴ? ዘጠነኛው ላይ በአፍንጫሽ አበዛሽው፣ ጉንፋን የያዘው መሰለ። አሥራ አራተኛው ላይ ግን ከዶሮው ጋር ሲጣላ የሳቅሽው ሳቅ የእኔ አይደለም። የእናትሽ ነው። ደብተሩ ላይ የለም፣ እኔም አላስተማርኩሽም። እሷን አላስታውሳትም ትዪኝ ነበር፤ ይኸውልሽ።

ያዳመጥነው ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ ነው። አዲሱን ቴሌቪዥን በር ላይ አውጥታው ሰው መንገዱን ዘጋ። ፖሊሷ ትበትነናለች ስንል ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ትልልቅ ሰዎች፣ ቦርሳ የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ፣ አብረውሽ ይናገራሉ። የአስተካካዩ ልጅ መሃላቸው ገብታ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። ገመዱን ከጆሮዋ አውጥታለች። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ደገመላት። ማታ አባቷ ሱቁን ሊዘጋ «ነይ እንግባ፣ ቶሎ» ሲላት ምን እንዳለችው ልነግርሽ አያስፈልግም።

ለሴትዮዋ እጅ ነሺልኝ። ወንድማቸውን ባውቀው እንጣጣም ነበር በያቸው። አሁን ደግሞ በእሱ ቋንቋ ነው የማወራው። ሾርባው ጨው ሲያንሰው አንዴ እመታለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ገብቷታል፣ ጨው ግን አትጨምርም። ሠላሳ አምስት ዓመት ዲዳውን ሳናግር ኖሬ ተራው የእሱ ሆነና እሱ እያናገረኝ ነው። ቅር አይለኝም። ልጄ በድምፄ ታወራለች፣ ሰፈሩ በድምፄ ያወራል፤ እኔ አንዴ ዝም ብል ምን አለበት።

እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስልክ ደውዪ። ያቺን «መልስ አይሰጡም» የምትለዋን ሴትዮሽን አሰናብቻታለሁ፣ እኔው አነሳለሁ። ወሬውን አንቺ አውሪ፣ እንደ ጃርቱ ብታወሪ ደግሞ ደስ ይለኛል። ማንኪያና ብርጭቆ ስልኩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ብለሽ ጠይቂኝ።

ሁለቴ እመታለሁ።

ጋሼሽ